«ሂጂ» ስላት እምቢ ላለችው ውሻ እና ለሰዎቿ

ሰላም ወገኖቼ። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ለየብቻ መመለስ ስላቃተኝ እዚሁ ልጻፈው። ልጄ ደህና ናት። ትምህርቷን ቀጥላለች፣ ከወንድሟ ጋር መጣላትም ጀምራለች። የማመሰግነው ሰው ብዙ ስለሆነ ጽሑፉ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ለማታውቁን፣ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ከ6 ዓመቷ ጀምሮ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለባት። (ከረሜላ አብልተሻት ነው የምትሉኝ እባካችሁ ተዉኝ። ቆሽቷ ኢንሱሊን አይሠራም፤ ከከረሜላ ጋር ምንም አያገናኘውም።)

የጥምቀት ዕለት ቀኑን ሙሉ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ስትዘምርና ስትዘል ዋለች። ማታ ድፎ ዳቦ በላች፣ ለእሱ የሚሆን ኢንሱሊን ወሰደች። ልብስ ስትቀይር ክንዷ ላይ የተለጠፈው፣ ስኳሯን የሚለካው ሴንሰር ከሹራቧ ጋር ተላቆ ወጣ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ አዲስ ለጠፍንላት። የእኛ ሴንሰር አዲስ ሲለጠፍ ለሁለት ሰዓት ቁጥር አያሳይም፣ አላርምም አይጮህም። ጣቷን ወግቼ ለካሁ፣ 138። ጥሩ ቁጥር ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ሴንሰሩ ሥራ ይጀምራል፣ እስከዚያ ጋደም ልበል አልኩ። ቀን የዘለለ ልጅ ሌሊት ስኳሩ እንደሚወርድ አምስት ዓመት ሙሉ ሲነገረኝ ኖሯል። ግን ደክሞኝ ነበር፤ እንቅልፍ ጣለኝ።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ገደማ ዝንጅብል መጣች። ዝንጅብል ውሻችን ናት፣ ቢጫ ላብራዶር፤ የልጄ ስኳር ሲወርድ አሽትታ እንድታነቃን የሠለጠነች። ብርድ ልብሴን ጎተተች። «ሂጂ!» አልኳት። ሄደች፣ ተመለሰች፣ እጄን በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አደረገችው። «ሂጂ አልኩሽ!» ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። በሦስተኛው አልጋዬ ላይ ወጥታ ሁለት እጆቿን ደረቴ ላይ ተከለች። አልጋ ላይ መውጣት በእኛ ቤት ክልክል ነው፣ እሷም አሳምራ ታውቃለች። አማርኛው አልገባት ይሆናል እንዳትሉ፤ እናቴ በሌላ ቋንቋ አታናግራትም።

ልጄ በላብ ተነክራ ነው ያገኘኋት። ስጠራት አትመልስም። ለካሁ፣ 41። ከ70 በታች ወረደ ይባላል፣ ከ54 በታች አደገኛ ነው። ጁስ የማትውጥበት ደረጃ ላይ ስለነበረች ግሉካጎን የሚባለውን፣ በአፍንጫ የሚሰጥ ስኳር ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ሰጠኋት፤ ባሌ 911 ደወለ። አምቡላንሱ ሲደርስ ዓይኗን ገልጣ ነበር፤ መጀመሪያ ያለችው «ዝንጅብል ለምን አልጋዬ ላይ ወጣች?» ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በየካቲት ወር ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር፤ ያኔ ግን ውሻ አልነበረንም፣ ያገኘናትም ስትንቀጠቀጥ ነው። የዚያን ሌሊት ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። አልጽፈውም።

እንግዲህ ምስጋናው።

መጀመሪያ ፔንሲልቬንያ ገጠር ለምትኖረው የዝንጅብል አርቢ። ፈረንጅ ናት፣ ልጄ ተርጉማ ትልክላታለች። ስንደውልላት ዋጋ ትነግረናለች ብዬ ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ እኛኑ መረመረችን። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ፣ ሌሊት ማን ይነቃል፣ ውሻ የሚጠላ አለ ወይ። አለ። እናቴ።

የውሻ እርባታ ለእኔ ወንድና ሴት አገናኝቶ ቡችላ መሸጥ ማለት ነበር። እኛ ሰፈር ያደጉትንማ ማንም አላገናኛቸውም። እሷ ቤት ሄጄ ነው ነገሩ የገባኝ። እናትየዋ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ከወንድ ጋር አትገናኝም፤ ምክንያቱም የዳሌና የክርን ራጅዋ ታይቶ የመጨረሻው ወረቀት የሚሰጠው ከ24 ወር በኋላ ነው። ዓይኗን በየዓመቱ የዓይን ሐኪም ያያታል። ላብራዶር ላይ የሚታወቁ የዘር ችግሮች አሉ፣ ቀስ በቀስ የሚያሳውርና ሲሮጡ የኋላ እግር የሚያዝል፤ ለእነሱም የዘር ምርመራ ታደርጋለች። «ዳሌው በአራት ዓመቱ የሚበላሽ ውሻ ሰጥቼ ልጅሽን ሁለተኛ አላስለቅስም» አለችኝ። ከዳሌው ይልቅ የምትጨነቀው ደግሞ ስለ ጠባይ ነው። ፈሪ እናት ፈሪ ቡችላ ታወጣለች፣ በደምም፣ አጠገባቸው ሆና በምታሳያቸውም። ስለዚህ ምንም ቆንጆ ብትሆን የምትደነብር ውሻ አታስወልድም።

የዝንጅብል እናት ስልሳ ሦስት ቀን ያህል አርግዛ ስምንት ወለደች። ከሦስተኛው ቀን እስከ አሥራ ስድስተኛው ቀን ድረስ አርቢዋ እያንዳንዱን ቡችላ በቀን አንዴ ታነሳለች፤ በጥጥ ጫፍ ጣቶቹን መኮርኮር፣ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ዘቅዘቅ ማድረግ፣ በጀርባ ማስተኛት፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ፎጣ ላይ ማስቀመጥ፤ እያንዳንዱ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ሲጀመር ዓይናቸው እንኳን ገና አልተገለጠም። ዘዴው የመጣው ከአሜሪካ ጦር የውሻ ፕሮግራም ነው። እሷ ግን አታጋንነውም፣ ይሄ ብቻውን ውሻ አያደርግም ትላለች። ዋናው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ያለው ነው። ምንጣፍ፣ ጠጠር፣ ብረት ወለል፣ የቫኪዩም ጩኸት፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው፣ ከዘራ የያዘ ሰው፣ የሚያለቅስ ሕፃን። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው እስከ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ያ ካለፈ በኋላ ማስለመድ እጅግ ይከብዳል።

በሰባተኛው ሳምንት ፈተና አለ። ድስት መሬት ላይ ትጥላለች። የሚሸሽና የማይመለስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ምንም የማይሰማውም አይሆንም። የምትፈልገው ደንግጦ ወዲያው ተመልሶ ድስቱን የሚያሸተውን ነው። እንደ ዝንጅብል ሕመም ለሚያነቃ ውሻ ደግሞ ሌላ ነገር ትጨምራለች፣ ችክ ማለት። እጇ ውስጥ ምግብ ጨብጣ ቡችላውን ችላ ትለዋለች፤ አብዛኞቹ ሞክረው ይተዋሉ። ዝንጅብል አልተወችም። ገፋች፣ ላሰች፣ ጮኸች፣ ዞራ በሌላ በኩል መጣች። አርቢዋ ያኔ የነገረችኝን በጥምቀት ሌሊት ነው የተረዳሁት፤ ለዓይነ ስውር መሪነት የሚሄደው እርጋታ ያለው ይሁን፣ ለእናንተ የሚሄደው ግን ሰው «ሂድ» ሲለው እምቢ የሚል መሆን አለበት። ይሄን እምቢታ ከስምንቱ መሃል ለይተሽ አወጣሽልን። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ከስምንቱ ለሥራ የበቁት ሦስት ናቸው። የቀሩት ሰው ቤት ገብተው ደልቷቸው ይኖራሉ።

ቀጥሎ ለአሳዳጊዋ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ዝንጅብልን በስምንት ሳምንቷ ወስዳ እስከ አሥራ ስድስት ወሯ አሳደገቻት፤ በነፃ፣ የምግቡንም ከኪሷ እየከፈለች። አውቶቡስ፣ ሜትሮ፣ ገበያ፣ ሊፍት፣ የልጆች እግር ኳስ ሜዳ ይዛት ዞራለች። መሬት የወደቀ ዶሮ አጥንት አልፋ እንድትሄድ ያስተማረቻት እሷ ናት። (እኛ ቤት በበዓል ቀን ይሄ ችሎታ ምን ያህል እንደተፈተነ ልንገራችሁ ብል ይመሻል።) ያስረከበችን ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማ አለቀሰች፤ የለመደችውን ብርድ ልብስና ገመድ ሰጥታን ዞር ሳትል ሄደች። ልጅ አሳድጎ አሳልፎ የመስጠት ያህል ነው። እኔ አልችለውም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቡችላ መውሰዷን ስሰማ ምን ዓይነት ልብ ነው አልኩ።

ለአሠልጣኛችን። ስኳሯ ሲወርድ፣ ጁሱን ከመጠጣቷ በፊት፣ በጥጥ ምራቋን ጠርገን፣ ዕቃ ውስጥ ከድነን ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። ፍሪዘራችን ውስጥ ከንጥር ቅቤውና ከበርበሬው ጎን «58»፣ «63» የሚል የተጻፈባቸው ትናንሽ ብልቃጦች ተደረደሩ። እናቴ አንድ ቀን ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ስነግራት ቅቤዋን አውጥታ ጎረቤት አስቀመጠች። ዝንጅብል የተማረችው በእነዚያ ጥጦች ነው። ጥሩ ቁጥር ላይ ያለ ምራቅና ባዶ ብልቃጥም ይቀርብላታል፤ ትክክለኛውን ካገኘች ሽልማት አለ። ውሻ እስከ 300 ሚሊዮን የማሽተቻ ተቀባይ ሲኖረው የእኛ 6 ሚሊዮን ገደማ ነው። ምን እንደሚሸታቸው ሙሉ በሙሉ አልታወቀም፤ በ2016 ካምብሪጅ የተሠራ ጥናት ስኳር ሲወርድ ትንፋሽ ውስጥ አይሶፕሪን የሚባል ነገር እንደሚጨምር አሳይቷል፣ የጠረጠሩት እሱን ነው።

አሠልጣኙን የማመሰግነው ግን በዋናነት ስላልዋሸን ነው። «ውሻ ሴንሰርን አይተካም» ብሎ ነው የጀመረው። በ2019 እንግሊዝ አገር 27 የሠለጠኑ ውሾች ላይ የታተመውን ጥናት አሳየን። በመካከለኛ ደረጃ ላይ ያለው ውሻ ከመቶ የስኳር መውረድ 83ቱን ይናገራል፤ ከመሃላቸው በጣም ጎበዝም በጣም ሰነፍም አለ። ዝንጅብልም የሚያመልጣት ጊዜ አለ። አንዳንዴ በከንቱ ትቀሰቅሰናለች፣ አንዳንዴ ሴንሰሩ ይቀድማታል። ያን ሌሊት ግን ሴንሰሩ ዕውር ነበር።

ይሄን የምለው በመጀመሪያ ስለተታለልን ነው። ከዝንጅብል በፊት ሌላ ሻጭ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። «መቶ በመቶ ዋስትና» ብሎ ቀብድ 9,000 ዶላር ተቀብሎን የአራት ወር ቡችላ አመጣልን። ቡችላው ሽንቱን መቆጣጠር እንኳን አልተማረም፣ ሰው ሲያይ ሶፋ ሥር ይገባል። ደረቱ ላይ ግን «የአገልግሎት ውሻ» የሚል ልብስ ነበረው፣ መታወቂያም ነበረው። እንደዚህ ዓይነት መታወቂያ የአሜሪካ ሕግ አይጠይቅም፤ ማንም ኢንተርኔት ላይ ይገዛዋል። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ሊጠይቃችሁ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ውሻው በአካል ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት ያስፈልጋል ወይ፣ ምን እንዲሠራስ ሠልጥኗል። የምትፈልጉ ካላችሁ እናትየዋን ሳታዩ፣ የዳሌውን ወረቀት ሳታዩ፣ ብር አትክፈሉ። ቀብዳችን አልተመለሰም። ቡችላውን የባሌ የሥራ ባልደረባ ወሰደው፤ ልጆች ያሉት ቤት ነው፣ ደህና ነው።

ያኔ እጃችን ላይ ምንም አልነበረም። የዕድራችን ሰዎች ሳንጠይቃችሁ ሰብስባችሁ አመጣችሁልን። የመኪና ማቆሚያ ላይ ምግብ የሸጣችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ያንን እንጀራ ሌሊት ቆማችሁ የጋገራችሁ እናቶች፣ አልረሳችሁም።

በአጭሩ ደግሞ፦ የትምህርት ቤቷ ነርስ፣ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ቀን «ውሻ አላስገባም» ብለኸን፣ ነገሩ ሲገባህ ከሥራህ ወጥተህ እስከ ቤት ያደረስከን የራይድ ሾፌር ወንድማችን፣ ይቅር ብለንሃል፤ ፀጉሩን ከወንበሩ ላይ ስለጠረግክም ይቅርታ። ደብራችን ደግሞ፦ ሕጉ ቤተ ክርስቲያንን አያስገድድም፣ እኛም ውሻ መቅደስ ይግባ አላልንም። አባታችን በራሳቸው አስበው ዝንጅብል በቅዳሴ ሰዓት የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የምትቆይበትን ቦታ አመቻቹልን። ይቆዩልን።

እናቴ። ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ቤት ውሻ አይገባም ብላ ሁለት ሳምንት አኩርፋ ነበር። ዝንጅብል በሄደችበት ሁሉ ጸበል እየረጨች ትከተላት ነበር፤ ውሻዋ ጨዋታ መስሏት አፏን ትከፍትላታለች። ከሆስፒታል የተመለስን ዕለት ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ ሥጋ በእጇ ስታጎርሳት አገኘኋት። «ያለ ሥልጠና መመገብ ክልክል ነው» ስላት «ሂጂ» አለችኝ።

መጨረሻ ያቆየሁት የዕቁባችንን እህት ነው። ስምሽን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀሽኛል። ዕጣው ለአንቺ ወጥቶ፣ ለእናትሽ ቤት ጣሪያ ልትልኪው ስታስቢ፣ «ለልጅቷ ይሁን» ብለሽ የለቀቅሽልን። ግንቦት ላይ የሚወጣው የእኔ ዕጣ ያንቺ ነው። ለሰብሳቢዋ ነግሬያለሁ፣ ጽፋዋለች። ሂጂ ብትይኝም አልሄድም።