ኮምፒውተሯ ድርግም ለሚልባት ጓደኛዬ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ሳቂ ሳቂ፤ የድሮ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጀምረው። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ተባብለን ስንቆይ ሌላ መግቢያ ቢፈለግም አይገኝም።

መልእክትሽን ሳይ ደስታዬን አልነግርሽም። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራሽ ታወሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ይሄ ኮምፒውተር ሊያሳብደኝ ነው» ብለሽ ጀመርሽ። አንቺው ነሽ፣ ምንም አልተለወጥሽም! እየሠራሽ ሳለ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሰላም ይሰነብታል። የጠየቅሻቸው ሁሉ «ፎርማት አድርጊው» አሉሽ፤ ዲስኩን ጠርገሽ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫኚ ማለታቸው ነው። በመሃል ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) እንዳስጨመርሽ እንደ ዋዛ ጠቅሰሽ አለፍሽ። እኔ እዚያች ላይ ቆሜያለሁ፤ ቆይቼ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን እባክሽ ፎርማት አታድርጊው። ቢያንስ አሁን አይሆንም። ፎርማት የሚያድነው የተበላሸው ዊንዶውሱ ራሱ ሲሆን ነው። ችግሩ ራም ወይም ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ላይ ከሆነ አዲሱም ዊንዶውስ እንደ አሮጌው ይወድቃል። ይባስ ብሎ ራሙ የታመመ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ሲጫን ፋይሎቹ በዚያው ራም አልፈው ነው ዲስክ ላይ የሚጻፉት። ከተጫነበት ሰዓት ጀምሮ የተበላሸ ዊንዶውስ ይኖርሻል ማለት ነው። በዚያ ላይ ማስረጃው ሁሉ አብሮ ይጠረጋል። ዛሬ ማታ ማድረግ ያለብሽ አንድ ነገር ነው፦ ፎቶዎችሽንና የሥራ ፋይሎችሽን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የፈለገውን ያህል ይዘጋ፤ ተረጋግተሽ ትመረምሪዋለሽ።

«በዘፈቀደ ይዘጋል» ብለሻል። እንዴት ነው የሚዘጋው ግን? ምንም ሳይናገር ድርግም ብሎ ነው? ወይስ ስክሪኑ እዚያው ስታክ አድርጎ፣ ማውሱም አልንቀሳቀስ ብሎ? ወይስ ሰማያዊው ጽሑፍ መጥቶ? ሦስቱ አንድ አይደሉም። ያለ ምንም መልእክት ድርግም ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኤሌክትሪኩን ነው፤ ከዚያ ሙቀቱን። ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ግን ዊንዶውስ ከመውደቁ በፊት ለመናገር ጊዜ አግኝቷል፤ ምክንያቱን ጽፎልሻል። ስታክ የሚያደርገው ከሁሉም ያስቸግራል፤ ራምም፣ ግራፊክስ ካርድም፣ ዲስክም ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ ዊንዶውስ 11 ካለሽ ሰማያዊውን ጥቁር ሆኖ ብታዪው አትደንግጪ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 ቀለሙን ቀይሮታል። ለምን እንዳስፈለገ እንጃ፤ እኔ ሰማያዊውን ለምጄው ነበር።

አሁን ስታርት ላይ «ኢቨንት ቪወር» ብለሽ ፈልጊ። «ዊንዶውስ ሎግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ክፈቺና ኮምፒውተሩ የተዘጋበትን ሰዓት ተከትለሽ ውረጂ። «ከርነል ፓወር 41» የሚል መስመር ታገኛለሽ። ብዙ ሰው «ፓወር» የምትለዋን ቃል ሲያይ ሮጦ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ይገዛል። ያ መስመር ግን መርዶ ነጋሪ ነው፤ ማን እንደገደለ አያውቅም። የሚለው «ባለፈው በአግባቡ ሳልዘጋ ነው የተነሣሁት» ብቻ ነው። ጠቃሚው ነገር ዝርዝሩ ውስጥ ያለው «በግቼክ ኮድ» የሚባል ቁጥር ነው። 0 ከሆነ ዊንዶውስ ምንም መመዝገብ ሳይችል ነው የወደቀው፤ ወደ ኤሌክትሪኩ ወይም ወደ ድንገተኛ ስታክ ያዘነብላል። 0 ካልሆነ ሰማያዊ ስክሪን ነበር ማለት ነው፤ አንቺ ባታዪውም።

እዚያው አካባቢ «ዊያ ሎገር» የሚል ካየሽ ወዲያውኑ ጻፊልኝ። እሱ ሃርድዌሩ፣ ማለትም የሚዳሰሰው ዕቃ ራሱ፣ «አሞኛል» ሲል ነው። ቁጥሩ 19 ከሆነ ስህተት ነበር ግን ታርሟል ማለት ነው፤ 18 ከሆነ አልታረመም። እንዲህ ዓይነት መስመር ከተደጋገመ ፎርማት ያድነዋል የሚልሽን ሰው አትስሚ።

ሰማያዊው ስክሪን ብልጭ ብሎ ከጠፋብሽ፣ ዊንዶውስ በራሱ ሪስታርት እንዳያደርግ ማድረግ ትችያለሽ። «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ፣ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ላይ «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለውን ምልክት አንሺ። ከዚያ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ በስልክሽ ፎቶ ታነሺዋለሽ። ቢያመልጥሽም ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሚኒደምፕ» የሚባል ቦታ ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። «ብሉስክሪንቪው» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይከፍትልሻል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ተብሎ የሚመጣው የዊንዶውስ ዋና ፋይል፣ ከርነሉ ራሱ ነው። አደጋው እሱ እጅ ላይ ደረሰ እንጂ እሱ አላደረሰውም። የአንድ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ስም፣ የግራፊክስ ካርዱ ወይም የዋይፋዩ፣ እየደጋገመ ከመጣ ግን እሱን ማመን ይቻላል። ድራይቨሩን አጥፊና ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲሱን ጫኚ፤ ችግሩ ከአፕዴት በኋላ የጀመረ ከሆነ ወደ አሮጌው መልሺው።

ሶፍትዌር ብቻውን ኮምፒውተር አይጥልም የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት አንድ የተሳሳተ አፕዴት ለቅቆ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቀርተዋል። አየር መንገዶች ሳይቀሩ ቆመዋል። መንስኤው ራም አልነበረም። ለዚህ ነው ወደ ሃርድዌሩ ከመሄዴ በፊት ኮዱን የምጠይቅሽ።

አሁን ወደ ራሙ እንመለስ።

ሰማያዊው ስክሪን በመጣ ቁጥር ኮዱ የሚለያይ ከሆነ፣ ዛሬ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ ሌላ ቀን «ፔጅ ፎልት»፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ ጨርሶ የማይገናኝ ነገር ካለሽ፣ እኔ ከድራይቨር ይልቅ ራሙን እይዛለሁ። የተበላሸ ድራይቨር ብዙ ጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚወድቀው። የተበላሸ ራም ግን እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠውን ነገር ሁሉ ያበላሻል፤ የተቀመጠው ደግሞ በየጊዜው ይለያያል። አንዲት ቢት፣ 0 ወይም 1 የምትይዝ የመረጃ ቅንጣት፣ ብትገለበጥ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጅየም፣ ስካርቤክ በተባለ ቦታ በተደረገ የኤሌክትሮኒክስ ምርጫ አንዲት እጩ 4096 ትርፍ ድምፅ አግኝታ ተገኘች። 2ን 12 ጊዜ በራሱ ብታባዢ የምታገኚው ቁጥር ነው፤ አንዲት ቢት ከ0 ወደ 1 ስትቀየር የሚመጣ። የሶፍትዌር ስህተት ስላልተገኘ ከጠፈር የመጣ ጨረር ሊሆን ይችላል ተብሎ ነበር። ያንቺን ኮምፒውተር ጨረር መታው እያልኩሽ አይደለም። አንዲት ቢት ምን እንደምትሠራ እንድታዪው ነው።

ራም ሲጨመር ሁለት ነገር ያጋጥማል። አንደኛው፣ አዲሱና አሮጌው በፍጥነትና በቮልቴጅ አይስማሙም፤ ለየብቻ ጤነኛ ሆነው አብረው ሲሠሩ ይወድቃሉ። ሁለተኛው፣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ «ኤክስኤምፒ» ወይም «ኤክስፖ» የሚባለው በርቶ ይሆናል። ይሄ ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚያስሮጥ ነገር ነው። ዲዲአር4 የሚባለው የራም ዓይነት መደበኛ ቮልቴጁ 1.2 ሲሆን ኤክስኤምፒ ሲበራ ብዙ ጊዜ 1.35 ይሆናል። ሻጩ ሣጥኑ ላይ የሚጽፈው ትልቁ ቁጥር ይህን አብርቶ የሚገኘውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አጥፊው። ምንም አያስወጣም፤ ፍጥነቱም ሲቀንስ ላታስተውዪው ትችያለሽ።

ከዚያ «ሜምቴስት86 ፕላስ» የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫኚና በእሱ አስነሺው። ከዊንዶውስ በፊት ስለሚነሣ ዊንዶውስን መጠርጠር አይቻልም፤ የምወደውም ለዚህ ነው። ማታ ስትተኚ ጀምሪው፤ ቢያንስ አራት ዙር ይጨርስ። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ካመጣ አልፏል አይባልም። «ትንሽ ስህተት ናት» የሚባል ነገር ራም ላይ የለም። ስህተት ካገኘ ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኚ፣ የኬዙን ብረት ንኪና ራሞቹን አንድ በአንድ ፈትሺ። ስህተት ያሳየውን ራም ደግሞ ሌላ ማስገቢያ ላይ ሞክሪው። እዚያ ሰላም ከሆነ የታመመው የማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ቦርድ) ማስገቢያ እንጂ ራሙ ላይሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ካደረም ጥርጣሬው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ድርግም ማለቱ ሥራ ሲበዛበት ከሆነ፣ ቪዲዮ ስታቀናብሪ ወይም ልጆቹ ጌም ሲጫወቱ፣ ፓወር ሰፕላዩን እዪ። መጀመሪያ ግን ርካሹን፦ ገመዱ ከኋላ ላልቶ ይሆን? ኤክስቴንሽኑ ጤነኛ ነው? ግድግዳው ላይ ቀጥታ ሰክተሽ ሞክሪ። የ12 ቮልት መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 መሆን አለበት፤ በባዮስ ውስጥ ማየት ይቻላል። ግን በዚያ ብዙ አልታመንም። ግራፊክስ ካርድ ለሰከንድ ሽራፊ የሚስበውን ኃይል ያ ንባብ አያሳይም፤ ፓወር ሰፕላዩ የሚወድቀው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ነው። እርግጠኛ መንገዱ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ ቀይሮ ማየት ነው። የራስሽን ግን እንዳትከፍቺው! ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ሙቀቱን በአጭሩ ልለፈው። የዛሬ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርሱ መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ነው የሚቀንሱት። ስለዚህ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከመዝጋቱ በፊት ያንቀራፍፋል። አቧራውን በአየር ስታስወግጂ ማራገቢያውን በጣትሽ ያዢው፤ በነፋሱ እንዳይሽከረከር። ዲስኩን «ክሪስታልዲስክኢንፎ» ያይልሻል፤ ሰማያዊ «ጉድ» ካለ እለፊው፣ ቢጫ ከሆነ ዲስክ መግዣ ማሰብ ጀምሪ። ቫይረስ? እንዲህ ዓይነቱን መዘጋት ቫይረስ ሲያመጣው እምብዛም አላየሁም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ ፕሮሰሰርሽ የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ነው? እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል ከእነዚህ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ከሚገባቸው በላይ ቮልቴጅ እየወሰዱ እንደሚጎዱ አምኖ፣ በባዮስ አፕዴት በኩል ማስተካከያ አውጥቷል። ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ከሆነ ባዮሱን አፕዴት አድርጊ፤ ካልተሻለው ዋስትናውን ጠይቂ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ችግሩን ማግኘቱ አይደለም። እንደዳነ ማወቁ ነው የሚከብደው። ኮምፒውተርሽ ሳይነኩትም ሳምንት ሰላም የሚሰነብት ከሆነ፣ አንድ ነገር ቀይረሽ አራት ቀን ሳይዘጋ ቢቆይ ምን ተረዳሽ? ምንም። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ድራይቨር ቀይሮ ሁለት ቀን ሰላም ሲሆን «ዳነ» ይላል፣ በሦስተኛው ቀን ሲዘጋ ተስፋ ቆርጦ ፎርማት ያደርጋል። የእኔ ልማድ እንዲህ ነው። በሁለት መዘጋቶች መካከል በአማካይ ስንት ቀን እንዳለ ከማስታወሻሽ አስዪ። ከለወጥሽ በኋላ የዚያን ሦስት እጥፍ ጠብቂ። መዘጋቱ በእርግጥም በዘፈቀደ ከሆነ፣ ምንም ሳይስተካከል ያን ያህል ሰላም የመቆየት ዕድሉ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። እስከዚያ ሌላ ነገር አትንኪ። ኤክስኤምፒውን አጥፍተሽ፣ ድራይቨሩን ቀይረሽ፣ አቧራውን አስወግደሽ በአንድ ቀን ከጨረስሽ፣ ቢድንም የትኛው እንዳዳነው አታውቂም፤ ተመልሶ ሲመጣም ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። አውቃለሁ፣ ትዕግሥት ያንቺ ነገር አይደለም። ቢያንስ በስልክሽ ኖት ላይ ቀኑን፣ ምን እየሠራሽ እንደነበር፣ እንዴት እንደተዘጋና ምን እንደለወጥሽ ጻፊ።

እንግዲህ ፋይሎችሽን ገልብጪና የሚከተሉትን ላኪልኝ፦ ከ41 ሥር ያለውን የበግቼክ ቁጥር፣ የሰማያዊውን ስክሪን ፎቶ፣ የሁለቱንም ራሞች ጽሑፍ፣ ራሙን ያስጨመርሽበትንና ችግሩ የጀመረበትን ቀን። ሁለቱ ቀኖች ከተቀራረቡ ሌላ ነገር ሳንነካ አዲሱን ራም አውጥተን እንጠብቃለን። ደግሞ በሚቀጥለው ስለ ልጆቹ ካልጻፍሽልኝ ስለ ኮምፒውተሩም አልመልስልሽም።

ያንቺው