«ማታ እደውላለሁ» ብቻ ብለን አንውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጉዞ አምዳችሁ ከማያመልጡኝ ገጾች አንዱ ነው። ሥራዬ ቅየሳ ነው። የዓመቱን ግማሽ የማሳልፈው መንገድ ገና ባልገባበት፣ የኔትወርክ ማማ በማይታይበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሩቅ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሲጽፍ በጉጉት አነባለሁ። ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ጸሐፊው «እዚያ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ስልካችሁን አጥፉና አእምሯችሁን አሳርፉ» ብሎ ያልፋል። ስለ ዕረፍቱ አልከራከርም፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ኔትወርክ የሌለበት ቦታ የሚገባ ሰው ሁሉ ቤት ሆኖ የሚጠብቀው አንድ ሰው አለው። ስለዚያ ሰው ሲጻፍ አላየሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለሦስት ቀን ሥራ ወጣን። ሾፌራችን፣ ሁለት ረዳቶችና እኔ። ለታናሽ እህቴ በር ላይ ቆሜ ያልኳት ሁለት ቃል ነው፤ «ማታ እደውላለሁ»።

ስልኬ ስንወጣ 80 ፐርሰንት ነበር። ኔትወርኩ ከቀትር በፊት ጠፋ። ኪሴ ከትቼ ረሳሁት። ማታ ሳወጣው 9 ፐርሰንት ላይ ደርሷል። አንድም ስልክ አልደወልኩም፣ አንድም ፎቶ አላነሳሁም። ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ አያርፍም። ማማ ፍለጋ ደጋግሞ ያስሳል። ኔትወርኩ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ሆኖ ደካማ ሲግናል ሲያገኝ ደግሞ ድምፁ እንዲደርስ ባለ በሌለ ኃይሉ ይልካል። ባትሪውን የሚበላው ይህ ነው። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ብዙም ሳይነካ ባገኘሁት ነበር። የሌሎቹም ስልክ እንደኔው ሆኗል። የመኪናው ቻርጀር ከተበላሸ ቆይቷል። ፓወር ባንክ የያዘ አልነበረም። ያለችኝን 9 ፐርሰንት ይዤ ስልኩን አጠፋሁት።

እሁድ ከላይ ዘነበ። ስንመጣ ጎማውን ብቻ አርሶ ያሳለፈን ወንዝ ከሰዓት በኋላ ግንድ ይዞ ይወርድ ጀመር። ሾፌራችን በዕድሜ የገፋ፣ ብዙ መንገድ ያየ ሰው ነው። ውሃውን ትንሽ አየና «ይሄን መኪና አይሞክረውም፤ እስኪጎድል እንጠብቃለን» አለን። ድንኳን ነበረን፣ የምንበላውም የምንጠጣውም ነበረን። ማንም አልተጎዳም። እኛ በዚያ በኩል ደህና ነበርን።

በዚህ በኩል ግን እህቴ ቅዳሜ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ስልኳን ይዛ ቁጭ ብላለች። ስትደውል ማግኘት አይቻልም ይላታል። እሁድ መሥሪያ ቤቴ ደወለች፣ የሚያነሳ የለም። በየትኛው መንገድ እንደሄድን አታውቅም። የሾፌሩን ስልክ አታውቅም። የመኪናውን ታርጋ አታውቅም። ሁለተኛውም ሌሊት በዝምታ አለፈ። ሰኞ ገና ሳይነጋ ጎረቤት ቀስቅሳ፣ በሰው መኪና፣ በዚያው ዝናብ እኔን ፍለጋ ወጣች። እኔ ድንኳን ውስጥ ተጠቅልዬ ተኝቼ፣ እሷ በጭቃ መንገድ ላይ ነበረች። ይህን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ወንዙ እኔን አልነካኝም፤ የኔ ዝምታ ግን እሷን ሊጎዳት ይችል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኘን። ስልክ የሚሠራበት ቦታ ካለ ጠየቅነው። ሳያመነታ በጣቱ ጉብታውን አሳየን። «እዚያ ላይ፣ ከዛፏ በላይ። ከዛፏ በታች አይሠራም» አለ። እውነቱን ነው። የስልክ ሞገድ እንደ ብርሃን ማለት ይቻላል፣ ኮረብታ ሲጋርደው ብዙም አያልፍም። ማማው ቅርብ ሆኖ ገደል ውስጥ ያለ ሰው ሊያጣው ይችላል። ሃምሳ ሜትር ሽቅብ መውጣት ብዙ ኪሎ ሜትር ወደፊት ከመሄድ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ከዛፏ በላይ ወጥቼ ስልኩን ከፈትኩት። አንድ መስመር ታየች። ወዲያው ሜሴጆቹ ተከታትለው ገቡ። የመጨረሻው «ወንድም ጋሼ የት ነህ? እየመጣሁ ነው» ይላል።

እጄ እየተንቀጠቀጠ መልስ ጻፍኩ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መኪናው፣ እንዳትመጣ፣ እንዳታስብ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። 230 ፊደል ገደማ ይሆናል። ላክሁት። አልሄደም። ደግሜ ላክሁት። አልሄደም። ባትሪው 4 ገባ።

ያኔ የማላውቀውን ኋላ ተማርኩ። በእኛ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቴክስት ሜሴጅ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ ስልኩ መልእክቱን ይቆራርጠዋል፣ እያንዳንዱም ቁራጭ 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። የኔው 230 ፊደል አራት ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው። አራቱም በዚያች ቀጭን ሲግናል ለየብቻ መሻገር ነበረባቸው። በዚያ ላይ፣ ስልክ ላይ የምናያቸው መስመሮች የሚነግሩን ስልኩ ማማውን ምን ያህል እንደሚሰማ ነው። ማማው የኛን ስልክ መስማቱን አይነግሩንም። ማማው ኃይለኛ ነው፣ ስልኩ ደካማ። መቀበል የቻለ ስልክ መላክ ሊያቅተው የሚችለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሙከራዬ ይህ ነበር፤ «ደህና ነን። ወንዝ ሞልቶ ነው። ነገ እንመለሳለን።» ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥሮ 31 ፊደል። ሄደ። እህቴ መንገድ ዳር ቆማ አነበበችው፣ ተመለሰችም።

ስለዚህ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ሆናችሁ መጀመሪያ የምትልኩት «ደህና ነን» የሚለውን ይሁን። ምክንያቱ ይቆያል። ፎቶም ይቆያል። ቤት ላሉትም አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ሲጠፋባችሁ ደጋግማችሁ ከመደወል ቴክስት ላኩ። ጥሪው ካልተነሳ አለቀለት። ቴክስት ግን ኔትወርኩ ለተወሰነ ጊዜ አስቀምጦ፣ ስልኩ ብቅ ሲል ያደርሰዋል። ጉብታው ላይ የገቡልኝ የእህቴ ሜሴጆች እንደዚያ ሲጠብቁ የቆዩ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ሌላ ነገር አለ። «ስልኬ ጂፒኤስ አለው፤ ብጠፋ ያገኙኛል» ይላሉ። ከተማሩ ሰዎች ሳይቀር ሰምቻለሁ። ጂፒኤስ የሚቀበል እንጂ የሚናገር ነገር አይደለም። 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ይልካሉ፣ ስልኩ ያንን ሰምቶ የቆመበትን ያሰላል። ሳተላይቶቹ እናንተ የት እንዳላችሁ አያውቁም። ማንም አያውቅም፣ እናንተ ካልነገራችሁ በስተቀር። መልካሙ ነገር ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዳችሁ ከያዛችሁ ያለ ዳታም ያለ ሲም ካርድም መንገድ ያሳያችኋል። ከኔትወርክ ውጭ ሲከፈት ቦታውን ለማግኘት ጥቂት ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል። ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቆማችሁ ታገሡት።

ሳተላይት ስልክስ የሚሉ ይኖራሉ። አቅም ላለው መልካም ነው። ኢሪዲየም የሚባለው የሳተላይት ስልክ አገልግሎት 66 ሳተላይቶቹን 780 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እያዞረ ዋልታዎቹን ጨምሮ ምድርን በሙሉ ይሸፍናል። ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ በሳተላይት የአደጋ ጊዜ መልእክት የሚልኩ ተራ የእጅ ስልኮችም መጥተዋል፣ አገልግሎቱ ግን በሁሉም አገር የለም። ጠባብ ገደል ውስጥና ጥቅጥቅ ያለ ደን ሥር ሁሉም ይቸገራሉ፣ ሰማይ ማየት አለባቸው። ድንበር የምታቋርጡ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ሕንድ ያለ ፈቃድ ሳተላይት ስልክ ይዞ መግባት ያስከስሳል።

በ406 ሜጋኸርዝ የድረሱልኝ ምልክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያም አለ። ምልክቱን የሚቀበለው ኮስፓስ-ሳርሳት የሚባለው የብዙ አገሮች የጋራ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያ ሰዎቹን ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ካናዳ ውስጥ አውሮፕላናቸው የወደቀባቸው 3 ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን ይህ መሣሪያ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ «ልሞት ነው፣ ድረሱልኝ»። «ዘገየሁ እንጂ ደህና ነኝ» ማለት አይችልም። ሩቅ ቦታ ላይ አብዛኛው ጊዜ የሚያጋጥመን ደግሞ ይኸኛው ነው።

ለዚህኛው እስካሁን ካየሁት ሁሉ የበለጠ የሠራልኝ አንድ ወረቀት ነው። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ሳልጽፍ ወጥቼ አላውቅም። በየት በኩል እንደምሄድ፣ ከማን ጋር እንደሆንኩ፣ የሾፌሩን ስልክ፣ የመኪናውን ታርጋና ቀለም፣ ኔትወርክ የሚቋረጠው የት አካባቢ እንደሆነ እጽፋለሁ። ከሁሉም በላይ እኔና እህቴ «የመጨነቂያ ሰዓት» የምንለውን እጽፋለሁ። ከዚያ ሰዓት በፊት ዝምታዬ ሰላም ነው። አትጠብቅም፣ አትደውልም፣ ትተኛለች። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ለማን መጀመሪያ እንደምትደውል ከታች ተጽፏል። ራሷ ለፍለጋ አትወጣም። ይህን ስምምነት ያመጣችው እሷ ናት። «ዝም ማለትህ አይደለም የገደለኝ፤ ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ አለማወቄ ነው» አለችኝ። ሰዓቱን ስንወስን ለወንዝ፣ ለጎማ፣ ለጭቃ አንድ ሙሉ ቀን እንጨምራለን። እኔም በበኩሌ ከመንገዴ ወጥቼም ቢሆን ከዚያ ሰዓት በፊት ጉብታ ፈልጌ እወጣለሁ። ግዴታዬ ነው።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስለ ሩቅ ቦታ ስታትሙ የመጨረሻው ኔትወርክ የት ላይ እንደጠፋ ጻፉልን። ጋዜጠኛችሁ እዚያ ደርሷል፣ ስልኩንም አይቷል። በእግር ስንት ሰዓት ሲሄዱ፣ የትኛው ጉብታ ላይ ሲወጡ እንደሚሠራ የቦታውን ሰው ይጠይቅ። እኛ ያገኘነውን ዓይነት ልጅ የትም አለ። ሁለት መስመር ይበቃል። ከቆንጆው ፎቶ ሥርም ብትሆን ቦታ አታጣም። አንባቢያችሁ እሷን ገልብጦ ለሚጠብቀው ሰው ትቶ ይሄዳል።

እኔ ነገ ጠዋት እንደገና እወጣለሁ። ወረቀቱን ለእህቴ ዛሬ ማታ ሰጥቻታለሁ። አንብባ ሰዓቱ ላይ አሰመረችበት፤ ሐሙስ፣ ማታ 2 ሰዓት።

አክባሪያችሁ፣
ቀያሽ አንባቢያችሁ