የአርቪ ውሃ ማሞቂያችሁን ከመቀየራችሁ በፊት

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን አስቤዛ ከምገዛበት የሐበሻ ሱቅ እየወሰድኩ ሁልጊዜ አነባለሁ። ስለ ታክስ፣ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ኢሚግሬሽን የምታወጡት ጽሑፍ ብዙ ጠቅሞኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን እስካሁን በአማርኛ ተጽፎ ስላላየሁት ነገር ነው። አርቪ በምንለው ተጎታች ቤት ውስጥ ስላለው፣ በጋዝም በኤሌክትሪክም ስለሚሠራው የውሃ ማሞቂያ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ስልክ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ የዕቁብ ወዳጄ ደወለልኝ። በረዶው ሲወርድ ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመውን አርቪውን አውጥቶ፣ ለሜሞሪያል ዴይ ከቤተሰቡ ጋር ሊወጣ እየተዘጋጀ ነው። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ሲከፍት ቀዝቃዛ ብቻ ይመጣል። በጋዝ ሲለኩሰው ትንሽ ይነድና ይጠፋል። ጠጋኝ ቢጠራ «ይሄ አልቆለታል፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየር» ብሎ 1,300 ዶላር ጠየቀው። «ልክፈል ወይስ ጉዞውን ልተው?» አለኝ። «ምንም እንዳትከፍል፣ መጣሁ» አልኩት።

እንደደረስኩ አልጋው ሥር ገባሁ። እዚያ ያለውን ሰሌዳ በካቻቢቴ ፈታሁት። ከጀርባው ሦስት ትንንሽ ቫልቮች አሉ። አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ማሞቂያው ያስገባል፣ አንዱ ሙቁን ያስወጣል። መሃል ያለው ደግሞ ውሃው ማሞቂያውን ሳይነካ አልፎ እንዲሄድ ያደርጋል። እጀታው ከቧንቧው ጋር አብሮ ከተጋደመ ክፍት ነው። አቋርጦት ከቆመ ዝግ ነው። የወዳጄ መሃለኛው ክፍት፣ ሁለቱ ዝግ ሆነው ነው የከረሙት። በመከር ወቅት ቧንቧው በውርጭ እንዳይፈነዳ አንቲፍሪዝ የሚባል ፈሳሽ ሲጨመርበት፣ ፈሳሹ ወደ ማሞቂያው ታንከር እንዳይገባ እንዲህ ይደረጋል። በጸደይ የሚመልሰው ሰው ግን ያስፈልጋል። ሦስቱንም አዞርኩ። ታንከሩ እስኪሞላ ጠበቅን። ማሞቂያውን አበራነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የወዳጄ ልጅ እጇን ቧንቧው ሥር አድርጋ «አባዬ፣ ያቃጥላል!» አለች።

እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ከአገር ከመውጣቴ በፊት ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ካቻቢቴና ቡሾላ ለእጄ አዲስ አይደሉም። ቢሆንም የአርቪ ማሞቂያ የራሱ ጠባይ አለው።

አርቪዬን ሁለተኛ እጅ ነው የገዛሁት። የመጀመሪያው ጉዟችን እዚሁ ቨርጂኒያ ወዳለው ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ሉሬይ አቅራቢያ ወዳለ አንድ ካምፕ ነበር። ውሃውን አገናኘሁ። ከሙቁም ከቀዝቃዛውም ቧንቧ ውሃ ጥሩ ሆኖ ወረደ። ታንከሩ ሞልቷል ብዬ ኤሌክትሪኩን ሰካሁ። ያላወቅሁት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ መሃለኛው ቫልቭ ክፍት ስለነበር በሙቁ ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ታንከሩን ጨርሶ አልነካውም። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪኩ ማብሪያ ከውጭ በኩል፣ ከማሞቂያው ክዳን ሥር፣ ጥግ ላይ የተደበቀች ትንሽ ቁልፍ ናት። የቀድሞው ባለቤት እንደበራች ትቷት ነበር። ስለዚህ የሰካሁት ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባዶ ታንከር ውስጥ ያለውን ዘንግ ማጋል ጀመረ። በአገራችን ረዚስታንስ የምንለው ነው። ውሃ ከሌለው የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ተቃጠለ። ባለቤቴና ልጆቼ ያን ሦስት ቀን በድስት ውሃ እያሞቁ ነው የታጠቡት።

ስንመለስ የተነገረኝ ያው ወዳጄ የተነገረው ነው፣ «ሙሉ በሙሉ ይቀየር»። ከፈልኩ። በኋላ ሳነብና አሮጌውን ፈታትቼ ሳየው ሌላ ምንም አልነበረበትም። ቴስተር አውጥቼ ረዚስታንሱን ለካሁት። የእኔ ዓይነቱ 1,440 ዋት በ120 ቮልት ስለሆነ፣ ደህና ቢሆን 10 ኦም አካባቢ ማንበብ ነበረበት። ምንም አላነበበም፣ ተበጥሷል። የዚያ ዘንግ ዋጋ ከአንድ ቤተሰብ የምሳ ሒሳብ አይበልጥም። እስከ ዛሬ ሲያናድደኝ ይኖራል።

ስለዚህ የማሞቂያው ኤሌክትሪክ ከመብራቱ በፊት ሁለት ነገር ይታይ። መጀመሪያ ቫልቮቹ። ቀጥሎ ከውጭ ክዳኑን ከፍታችሁ ከላይ ያለችውን የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ እጀታ ቀና አድርጓት፤ ይህ የሚደረገው ታንከሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ብቻ ነው። ውሃ ከወጣ ሞልቷል። ነፋስ ብቻ ከሆነ ወይም ምንም ካልወጣ ኤሌክትሪኩን አትንኩ።

አሁን ደግሞ ስለ አኖድ ልንገራችሁ፤ ብዙ ታንከር የሚሞተው በእሱ ምክንያት ነው።

ሰበርባን የሚባለው ማሞቂያ ታንከሩ ብረት ነው፣ ውስጡ በኢናሜል ተለብጧል። ልክ እንደ ድሮው የእናቶቻችን ሳህን። ያ ሳህን አንድ ቦታ ከተላጠ ዝገቱ ከዚያች ነጥብ እንደሚጀምር ታስታውሳላችሁ። ታንከሩም እንደዚያው ነው። ለዚህ ተብሎ ከታች በኩል፣ ውሃ በሚፈስበት ቀዳዳ ላይ፣ አኖድ የሚባል የማግኒዥየም ዘንግ ይታሰርበታል። ውሃው ብረቱን ከመብላቱ በፊት ማግኒዥየሙን ይበላል። ማግኒዥየሙ ካለቀ ወደ ብረቱ ይዞራል። አትውድ የሚባለው ዓይነት ግን ታንከሩ አሉሚኒየም ነው፣ አኖድ የለውም፣ አይጨመርበትምም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ ጽሑፉን አንብቡ።

የወዳጄ ሰበርባን ነው። አኖዱን አይቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ምኑን?» አለኝ። እሁድ ጠዋት ተመለስኩ። ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ስላደረ ቀዝቅዟል። ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም አጠፋን፣ ውሃውን ዘጋን፣ የሙቁን ቧንቧ ከፍተን ግፊቱን አስተነፈስን። ይህን ሳታደርጉ ፈጽሞ እንዳትፈቱት፤ በግፊት ያለ ሙቅ ውሃ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ከዚያ 1 1/16 ኢንች ቡሾላ በረጅም እጀታ አስገብቼ ገፋሁት። አልንቀሳቀስ አለ። እንደገና ገፋሁት። ጮኸና ተላቀቀ።

የወጣውን ነገር ብታዩት! አዲስ አኖድ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ልስልስ ዘንግ ነው። ይሄ የተጋጠ የበቆሎ ቆረቆንዳ መስሏል። ጫፉ ላይ የመሃል ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ቀጥሎ ውሃው ቦለል ብሎ ወጣ፣ መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ነጭ። ከውሃው ጋር የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል ስባሪ ሣሩ ላይ ተከመረ። የሸናንዶዋ ሸለቆ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ነው። የሉሬይን ዋሻ የድንጋይ ቅርጾች የሠራው ያው ኖራ ታንከር ውስጥ ሲሞቅ ይጋገራል። እስኪጠራ ድረስ በላስቲክ ቧንቧ ደጋግመን አጠብነው። የአዲሱን አኖድ ጥርስ በቴፍሎን ጠቅልዬ አሰርኩት። ሥራው ሁሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። በየዓመቱ አንዴ ይታይ፣ ሦስት አራተኛው ከተበላ ይቀየር።

ውሃው የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነም አትደንግጡ። ውሃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከአኖዱ ጋር ተገናኝተው የሚፈጥሩት ጋዝ ነው። ታንከሩን በትንሽ በረኪና አጥቦ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያጠፋዋል። ኖራውን ለማሟሟት አቼቶ የሚጠቀምም አለ። ሁለቱን ግን በፍጹም አንድ ላይ አታድርጉ። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ መርዛም ጋዝ ይወጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በጋዝ የሚሠራው ክፍል የሚነድባት ጠባብ ቱቦ አለች። አርቪው ሲቆም ሸረሪት ድሯን፣ ተርብም የጭቃ ቤቷን እዚያ ትሠራለች። ቱቦው ሲታፈን ነፋስ ያጥረዋል። ሰማያዊ መሆን የነበረበት ነበልባል ቢጫ ይሆናል፣ ክዳኑ ላይ ጥላሸት ይታያል። ያን ጊዜ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። ይሄም ያው ነው፣ ሽታ የለውም፣ ልጆች ተኝተው ነው የሚይዘው። ቢጫ ነበልባል ካያችሁ አጥፉት። ቱቦው ሳይጠረግ እንዳትለኩሱት። አርቪው ውስጥ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ባትሪም ዛሬውኑ እዩት። እለምናችኋለሁ።

ማስተንፈሻው ቫልቭ ማንጠባጠብ ከጀመረም በብሎን ወይም በሌላ ነገር እንዳትደፍኑት። ግፊቱ 150 ፒኤስአይ ወይም ሙቀቱ 210 ፋራናይት ሲደርስ ታንከሩ እንዳይፈነዳ የሚያድነው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥበው ታንከሩ ውስጥ ከላይ መኖር ያለበት የነፋስ ክፍተት ስለጠፋ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይነፋል፣ መሄጃ ይፈልጋል። ማሞቂያው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚገባውን ውሃ ዝጉ። አንድ የሙቅ ቧንቧ ክፈቱ። የቫልቩን እጀታ ቀና አድርጋችሁ መፍሰሱ እስኪያቆም ጠብቁና መልሱት። ነፋሱ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ በኋላም ካላቆመ ቫልቩ ይቀየር።

በመከር ቧንቧው ውስጥ ስለሚጨመረው አንቲፍሪዝ አንድ ቃል ብቻ። ለአርቪ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ተብሎ የሚሸጠው ሮዝ ቀለም ያለው ነው። የመኪናው አንቲፍሪዝ ግን መርዝ ነው፤ ሰው የሚጠጣበት ቧንቧ ውስጥ አይገባም።

አዘጋጆች ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከማውቃቸው ወገኖቼ መካከል አርቪ የሚገዛው እየበዛ ነው። ልጆቻችን ተራራና ወንዝ እንዲያዩ እንፈልጋለን፤ ለብዙ ቤተሰብ ከሆቴል ይቀላል። ከአገር ቤት ለጥየቃ የሚመጡ እናቶቻችንን ይዘን እንወጣለን፣ በዚያ ውሃ የሚታጠቡት እነሱ ናቸው። መመሪያው ግን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ። በአገራችን ጋራዥ የሠራ ሰው «ፕሬዠር ሪሊፍ ቫልቭ» የሚለውን ሲያነብ ይደናገራል። «ማስተንፈሻ» ብትሉት ግን ወዲያው ይገባዋል። በወር አንዴ ግማሽ ገጽ ለእጅ ሥራ ስጡልን። ቡሾላውን ቡሾላ፣ ፒንሳውን ፒንሳ ብሎ የሚጽፍ። በመካከላችን የቧንቧ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ መካኒክ ሞልቷል። ብትጠይቋቸው ደስ ብሏቸው ያስተምራሉ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ነጻ ነኝ።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ፎቶ ልኬያለሁ። በግራ ያለው ከወዳጄ ማሞቂያ የወጣው አሮጌ አኖድ ነው፣ በቀኝ ያለው አዲሱ። ጎን ለጎን ብታወጧቸው አንባቢ የእሱን ሲፈታ ያመሳክራል።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ