ስለ ሮቦቱ ስትጽፉ ስለ እንግዴ ልጁም ጻፉልን

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ማህፀን ውስጥ ያለ ፅንስን ለማከም ስለሚሰሩት ሮቦቶች የሚወጣውን ሁሉ አነባለሁ፣ ግን አብዛኛው ጽሁፍ ሮቦቱ ብቻውን ገብቶ ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ነው የሚያስመስለው፣ አንዲት ነፍሰጡር ይሄን አንብባ ምን ታድርግበት? መሳሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሐኪም ነው፣ ሮቦቱም ቢሆን ገና ምርምር ላይ ያለ ነገር ነው።

አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንታዎችን እንውሰድ። ከነዚህ እርግዝናዎች ከ100ው ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ እንግዴ ልጁ ላይ በሚገናኙት የደም ስሮች በኩል ደም ከአንዱ ወደ ሌላው ያደላል፣ ሰጪው የእንሽርት ውሃው ያልቅበታል፣ ተቀባዩ ደግሞ ልቡ እስኪደክም ደሙ፣ ውሃውም ይበዛበታል፣ ከባዱ ዓይነት ካልታከመ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይተርፉም። ህክምናው ሌዘር ነው፣ በእናትየው ሆድ በኩል ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ካሜራ ይገባና የሚገናኙት ስሮች ይቃጠላሉ። በፈረንጆቹ 2004 በወጣው የአውሮፓ ጥናት ቢያንስ አንድ ልጅ የተረፈላቸው እናቶች በሌዘር 76 በመቶ፣ ውሃውን ብቻ እየቀዱ ደግሞ 56 በመቶ ነበሩ።

ሮቦቱ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። የተለመደው ካሜራ ድርቅ ያለ ስለሆነ እንግዴ ልጁ በማህፀኑ የፊት ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ስሮቹን ፊት ለፊት ማግኘት በጣም ይከብዳል፣ ደግሞ በአንዴ የሚታየው ትንሽ ቦታ ነው፣ ውሃውም ይደፈርሳል። የለንደኑ ዩሲኤል ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ጫፉ የሚታጠፍ መሳሪያና ምስሎቹን አያይዞ የእንግዴ ልጁን ካርታ የሚሰራ ሶፍትዌር ላይ አብረው ሰርተዋል። የመሳሪያው ቅጥነትም ለቁንጅና አይደለም፣ ፅንሱን የያዘው ስስ ሽፋን አንዴ ከተበሳ እንደ ቆዳ አይድንም፣ ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ውሃው ቀድሞ ሊፈስና ልጆቹ ያለጊዜያቸው ሊወለዱ ይችላሉ፣ ይሄ እስካሁን ያልተፈታ ትልቁ ጣጣ ነው።

ግን ይሄ ሁሉ ቴክኖሎጂ ችግሩ በጊዜ ለታወቀላት እናት ነው። እህቴን መንታ ነው ብለው ነገሯት፣ እንግዴ ልጃቸው አንድ ይሁን ሁለት ማንም አላየላትም፣ ሆዷ በድንገት ሲነፋ ነው የታወቀው፣ አንዱን ልጅ ብቻ ነው ታቅፋ የገባችው። መታየት ያለበት ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው አልትራሳውንድ ነው፣ ከዛ በኋላ መለየቱ እየከበደ ይሄዳል፣ አንድ እንግዴ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ መታየት አለባት።

እባካችሁ አዘጋጆች፣ በሚቀጥለው ስለ ሮቦት ስትጽፉ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞችን አነጋግሩልን፣ እኛ ሀገር እንግዴ ልጁ አንድ መሆኑ የታወቀላት እናት ለክትትል የት ትሂድ፣ ደሙ ማድላት ከጀመረስ ወዴት ነው የምትላከው፣ ይሄን ጠይቃችሁ በግልጽ አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ