ስትሰጥ ስልክህን አታውጣ

ጅማ፣ ኅዳር 2018

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው።

ትናንት ቡና ላይ የአክስትህ ልጅ ቪዲዮህን አሳየችን። ቲክቶክ ነው አለች። ስትመጣ ጊዜ፣ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ላይ ለሽማግሌው ብር ስትሰጥ። አንዷ «ማሻ አላህ» አለች፣ ሌላዋ «እግዜር ይባርከው»። እኔ ግን ሽማግሌውን ነበር የማየው። አቀርቅረዋል።

አላወቅካቸውም እንዴ? የጅሬኑ ሰውዬ ናቸው እኮ! ያቺን የልጅነት በርጩማህን የጠረቡልህ። ደግሞም ለልመና አልተቀመጡም። ፊታቸው የተደረደረው የሚሸጥ በርጩማ ነው። አንዱን መግዛት አቅቶህ ነው? ስትሰጥ ስልክህን አታውጣ፣ ልጄ።

ክፉ አሰብክ አልልም። እጅህ የአባትህ እጅ ነው፣ መቋጠር አያውቅም። የኔን ግን ስማ።

በ1994 አራት ዓመትህ ነበር። የቡና ዋጋ ወድቆ የለቃሚ ሒሳብ እንኳ አልሸፍን ያለበት ጊዜ ነው። የጓሮ ጎረቤታችን ባል ቡና ሰብሳቢ ነበር፤ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ እሱ ከሰረ። እኔ ደግሞ እቁብ ወጥቶልኝ ልቤ አብጧል። ቶናው ሲቀዳ፣ ስድስት ሴት ፊት፣ ከመቀነቴ 50 ብር ፈትቼ ሚስቱን «እንቺ፣ ልጆችሽ እንዳይራቡብሽ» አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ። ተቀበለችኝ፣ ምን ታድርግ? በረካውን ሳትጠጣ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ለቡና ስጠራት «ራሴን አሞኛል» ነበር መልሷ። ዓመታት። ያኔ ቲክቶክ የለም፤ ስድስት ሴት በቃኝ።

በ1999 አባትህ ሲተኛ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደቀረን እኔና እሱ ብቻ ነበር የምናውቀው። አንድ ማታ ያቺ ጎረቤቴ በጓሮ በር መጣች። በጣሳ በቆሎ ይዛ። «ከማሳ የመጣ ነው» ብላኝ፣ ሳትቀመጥ ሄደች። በቆሎውን ስገለብጠው ከሥሩ 300 ብር ታጥፎ ወደቀ። እስከ ዛሬ አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁትም። የኛ ቄስም የነሱ ሼህም በዚህ አይለያዩም፤ ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ ነው የሚሉት። እኔ ስሰማው ኖሬ ያወቅኩት ያን ማታ ነው።

ቪዲዮውን ዛሬውኑ አጥፋው። ነገ አትበለኝ። መስጠት ካማረህ ቴሌብር አለልህ፤ ማንም አያይህም። ተበድረህ ደግሞ እንዳትሰጥ፤ መጀመሪያ የቤት ኪራይህን ክፈል። የእድሩን የሁለት ወር እኔ ከፍያለሁ፣ አትላክ።

ለገና ስትመጣ ሽማግሌው ጋ ሂድና ሁለት በርጩማ ግዛ። ዋጋ ግን ተከራከራቸው፤ ዝም ብለህ ከከፈልክ ምጽዋት መሆኑ ይገባቸዋል። ስልክህንም አታውጣ!

ተቆጣሁ መሰለኝ። የኔ ጌታ፣ ብርዱ እንዴት ነው? ጋቢውን ልበስ።

ቡናና ቅቤ በሾፌሩ ልኬልሃለሁ። ቡናው የዘንድሮ ነው። ቅቤውን በጾም እንዳትነካው። ጣሳው ዝጓል ብለህ እንዳትጥለው፣ ስትመጣ ይዘኸው ና። ባዶ ዕቃ አይመለስም ብዬ፣ ምን ሞልቼ እንደምመልስላት ሳላውቅ ይኸው 19 ዓመት ቤቴ ተቀምጧል።

እናትህ