“እንደ አዲስ” ማለት ስንት ሚሊዋት ሰዓት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቼ የምተዳደር ሴት ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ፣ ከማስታወቂያው ጀምሬ ነው። የምጽፍላችሁም ስለዚያው ገጽ ነው፤ “ስላሽ ላፕቶፕ፣ ኮር አይ 5፣ እንደ አዲስ” ስለሚሉት፣ ስለ ያገለገሉ ላፕቶፖች።

ባለፈው ጥር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወረፋ ሳይደርስብኝ ብዬ፣ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አንድ ላፕቶፕ ገዛሁ። 38,000 ብር። ሻጩ “ከአውሮፓ የገባ ነው፣ ኤይትዝ ጀነሬሽን ነው፣ ባትሪው አራት ሰዓት ይቆያል የኔ እናት” አለኝ። ገንዘቡን አስገባሁ፣ ዕቃው በአውቶቡስ ተጫነ፣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልሁ። ቀፎው ጭረት የለበትም፣ ያብረቀርቃል። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ደስታዬ መብራት እስኪሄድ ነበር። የአንዲት ተማሪ ምዕራፍ ሦስት ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው 71 በመቶ ይላልና ሥራዬን ቀጠልሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጥቁር አለብኝ። ልጅቷ እኔን አየች፣ እኔ ስክሪኑን አየሁ።

ከፖሊ የተመረቀ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን የጎረቤት ልጅ አለ። መጣና ካቻቢቴ እንኳ ሳያነሳ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ጻፈበት። የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣ ትዕዛዝ ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ። “እትዬ፣ ይቺን ይዩዋት” አለኝ። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲይዝ የታሰበው 51,000 ሚሊዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪ የሚይዘው ጉልበት የሚለካበት ነው። አሁን ሞላሁ ሲል የሚይዘው 18,600። ከሲሶ ብዙም አያልፍም። ለካ 71 በመቶ ያለኝ የዚያችን ሲሶ 71 በመቶ ኖሯል!

ቀጥለን ፕሮሰሰሩን፣ የማሽኑን አንጎል፣ አየን። ከቁልፎቹ በታች የተለጠፈው ስቲከር ከማሽኑ ይልቅ አዲስ ነው። ውስጡ ግን አይ 5-7200 ዩ ይላል። ትውልዱን (ሻጩ “ጀነሬሽን” ያለውን) የሚናገረው ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ 7 ካለ ሰባተኛ ነው። ሻጩ እንዳለኝ ስምንተኛ ቢሆን 8250 ዩ ወይም ያንን የመሰለ ነገር ይነበብ ነበር። የአንድ ቁጥር ልዩነት አይምሰላችሁ፤ 7200ው ውስጡ ሁለት ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚካፈሉ ሁለት ክፍሎች፣ አሉት፣ 8250ው አራት። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። የፈረንጅ አገር ቢሮዎች ሰባተኛውን ለምን እንደሚያራግፉት ያኔ ገባኝ።

ዲስኩ 21,400 ሰዓት በርቷል። ሳይጠፋ ቢሠራ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ማለት ነው። ጤናው ደህና ስለሆነ በዚህ አልከፋም፤ ያገለገለ መሆኑን አውቄ ነው የገዛሁት። ከሥሩ የተለጠፈው መለያ ቁጥርና ባዮስ ውስጥ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም ነው) ያለው ግን አይገናኙም፤ ወይ ቦርዱ ወይ የሥሩ ክዳን የሌላ ማሽን ነው። ቁልፎቹን ራሴ አንድ በአንድ መታሁ፤ እዚህ ላይ ልጁም አያስተምረኝም። “ነ” አንዳንዴ ይደግማል። “ነገር” ስል “ነነገር” ይወጣል።

ሻጩ ጋ ደወልሁ። “እህቴ፣ አዲስ ነው መቼ አልኩሽ? እንደ አዲስ ነው ያልኩሽ” አለኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 813/2006ን ጠቅሼ፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል አልሁት። ደረሰኝ አለሽ ወይ አለኝ። የለኝም። ይሄ የኔው ስንፍና ነው። በልመናም በቁጣም ብዬ ለባትሪ 3,000 ብር መለሰልኝ።

እናቴ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስትገዛ ከጭንቅላቱ ሥር ያለውን ክዳን ገልጣ ቀይነቱን ሳታይ ብር አታወጣም፤ ሻጩም አይቀየማትም። እኔ 38,000 ብር ያወጣሁት ቅርፊቱን አይቼ ነው።

እናንተን የምጠይቀው ይህንን ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ማስታወቂያ ስትቀበሉ “እንደ አዲስ” የሚለውን ሰርዙና የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥርና የባትሪውን ሁለት ቁጥሮች፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን፣ አስጽፉ። አንድ መስመር አይሞላም። መሬት የሚሸጥ ካሬውን፣ መኪና የሚሸጥ ሞዴሉን ይጽፍ የለ? ሪፖርቱን ፎቶ አንስቶ ለገዢ ከክፍያ በፊት መላክም ለሻጭ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እምቢ ካለ፣ እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

ማሽኑን አልጣልሁትም። ይሄንንም ደብዳቤ የጻፍሁት በእሱ ነው፣ ሶኬት ላይ ሰክቼ። እርማት ሳደርግ ያመለጠችኝ “ነ” ካለች እናንተ ሰርዙልኝ።

የጽሕፈት ቤት ባለቤት
ከፔዳ ግቢ አካባቢ፣ ባሕር ዳር