የከርሰ ምድር ውሃ ናሙናን ይመለከታል

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣

በዋዮሚንግ የፓውደር ሪቨር ተፋሰስ፣ በገጸ ምድር የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች አካባቢ የምንከታተለውን ውሃ በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የአሜሪካ ሕግ ተከትሎ የተደነገገው የፌዴራል ደንብ በየሦስት ወሩ የውሃውን ከፍታ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ጠቅላላ ብረትና ማንጋኒዝ፣ እንዲሁም የሟሙ ጠጣሮችን ወይም ለ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የተስተካከለ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን ቢያንስ እንድንለካ ይጠይቃል። በእኔ እምነት ግን ሰልፌት (የድኝና የኦክስጅን ውህድ) ካልታከለበት ዋናው ለውጥ ያመልጠናል። ከሰሉ ከወጣ በኋላ ጉድጓዱ የሚሞላበት የተሰባበረ ዐለት አየርና ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያለው ፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ሰልፌትና አሲድ ይለቃል፤ አሲዱን ካርቦኔት ስለሚያከሽፈው፣ ፒኤች ብዙም ሳይለወጥ የጨው መጠኑ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ በፒኤች ብቻ አንዘናጋ።

ናሙና በምንወስድበት የውሃ መከታተያ ጉድጓድ ቧንቧ ውስጥ የቆየው ውሃ አስቀድሞ ተስቦ ይውጣ፤ ፒኤች እዚያው በቦታው ይለካ፤ ለጠቅላላ ብረት የሚላከው ናሙና ደግሞ ሳይጣራ፣ እንዳይለወጥ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበት።